ቢጫ የሆነ ሁሉ አልሞተም

ዛሬ ላጫውታችሁ ያሰብኩት ስለ ክሎሮፊል ነው። «ደግሞ ክሎሮፊል! እሱንማ ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ስንሰማው ኖረን የለ እንዴ?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እኔም እንደዚያው ስል ነበር፤ አንድ ሴሚስተር ሙሉ የለፋሁበትን ካልቸር በገዛ እጄ ሲንክ ውስጥ እስክደፋው ድረስ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሲኒየር ፕሮጀክቴ ርዕስ ስፒሩሊናን በርካሽ ሚዲየም ማሳደግ ይቻላል ወይ የሚል ነበር። ስፒሩሊና (አርትሮስፒራ በሚል ሳይንሳዊ ስምም ይታወቃል) በሶዳ ሐይቆቻችን ውስጥ የሚኖር ሳያኖባክቴሪያ ነው፤ የእኔም ዘር የመጣው ከጭቱ ሐይቅ ነው። የሚያድግበት የታወቀው የዛሩክ ሚዲየም በሊትር 16.8 ግራም ሶዲየም ባይካርቦኔትና 2.5 ግራም ሶዲየም ናይትሬት ይፈልጋል። ባይካርቦኔቱ ከሱቅም ይገኛል። ናይትሬቱ ግን ላብ ውስጥ እያለቀ ስለነበር፣ ብልጥ ነኝ ብዬ መጠኑን ቀነስኩት፤ ያውም በጣም። መጀመሪያ አካባቢ ደስ ሲል! ፍላስኮቹ ጥቁር አረንጓዴ ሆኑ። ጓደኞቼን እየጠራሁ አሳየሁ። ከዚያ መገርጣት ጀመሩ። መጀመሪያ ሰማያዊ ድባባቸው ጠፋ፣ ቀጥሎ ቢጫማ አረንጓዴ ሆኑ፣ በመጨረሻ ጠጅ መሰሉ።

በየሁለት ቀኑ ክሎሮፊሉን በሜታኖል አውጥቼ ስፔክትሮፎቶሜትር ላይ አነብ ነበር። ቁጥሩ ይወርዳል። እንደገና ይወርዳል። መዝገቤ ላይ «ካልቸሩ ሞቷል» ብዬ ጻፍኩና ፍላስኮቹን ይዤ ወደ ሲንኩ ሄድኩ። የላቡ ሠራተኛ ጋሼ በር ላይ ቆመው ያዩኛል።

«አንቺ ልጅ፣ ምን ልታደርጊ ነው?»

«ሞቷል ጋሼ፤ ልደፋው ነው።»

«መሞቱን በምን አወቅሽ?»

«ክሎሮፊሉ ወርዷላ!»

«እሱማ ቀለሙ ነው የወረደው» አሉና ሳቅ ብለው ወጡ። እኔም ደፋሁት። ፕሮጀክቱን በግማሽ ዳታ ጽፌ ተገላገልኩ፤ ማርኩም ያው እንደ ዳታው ሆነ። የጋሼ ነገር ግን ከአእምሮዬ አልወጣ ስላለኝ ከዚያ በኋላ ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ጀመርኩ። ይህ ጽሑፍ የዚያ ንባብ ውጤት ነው።

አስተያየቴን ከመጀመሪያው ልናገር። እኛ በክፍልም በላብም ክሎሮፊልን የምንይዘው እንደ ቀለም ነው፦ ማሽኑ አለ፣ ላዩ ላይ አረንጓዴ ተቀብቷል፣ ቀለሙ በለጠ ማለት ማሽኑ በረታ ማለት ነው፣ ቀለሙ ለቀቀ ማለት ማሽኑ ሞተ ማለት ነው። በሳያኖባክቴሪያ ላይ ይህ አያያዝ ስህተት ነው ባይ ነኝ። እዚያ ክሎሮፊል የማሽኑ ጡብ ነው። ስንት ጡብ እንደሚመረት ሴሉ እንደ ብርሃኑና እንደ ምግቡ ይወስናል፤ በዚያም ውሳኔ የትኛው ማሽን በብዛት እንደሚቆም፣ የትኛው እንደሚቀር ይለያል። አነስተኛ ክሎሮፊል የበሽታ ምልክት ሊሆን ይችላል፤ የጤናማ ሴል የታሰበበት ውሳኔም ሊሆን ይችላል። ስፔክትሮፎቶሜትሩ ብቻውን አይለያቸውም።

በቁጥሩ እንጀምር። ፎቶሲስተም 1 እና ፎቶሲስተም 2ን የተማርናቸው እንደ መንትያ ነው፤ ሰሌዳው ላይ እኩል ሆነው ተስለው በመካከላቸው ኤሌክትሮን ይመላለሳል። እ.ኤ.አ. በ2001 ከሙቅ ምንጭ ከተገኘ ሳያኖባክቴሪያ የተወሰደው የፎቶሲስተም 1 ክሪስታል መዋቅር ሲታወቅ ግን በአንዱ አሃድ ውስጥ 96 ክሎሮፊል ተቆጠረ። እ.ኤ.አ. በ2011 በ1.9 አንግስትሮም ጥራት የታየው ፎቶሲስተም 2 ያለው 35 ነው። እስቲ እናስላው። ሁለቱ አንድ ለአንድ ቢሆኑ እንኳ ከ131 ክሎሮፊል 96ቱ፣ ማለትም 73 በመቶው፣ የፎቶሲስተም 1 ነው። በብዙ ሳያኖባክቴሪያ ውስጥ ደግሞ ፎቶሲስተም 1 በቁጥርም ይበልጣል፤ ሦስት ለአንድ ብንል 89 በመቶ ይደርሳል።

ይህ ማለት እኔ በሜታኖል ሳወጣው የከረምኩት አረንጓዴ በአብዛኛው የሚናገረው ስለ ፎቶሲስተም 1 ብዛት ነው። ውሃ የሚሰነጥቀውና ኦክስጅን የሚያወጣው ግን ፎቶሲስተም 2 ነው! እሱ ደግሞ ብርሃኑን በብዛት የሚቀበለው ፋይኮቢሊሶም ከሚባለው ሰማያዊ አንቴና ነው፤ በዚያ አንቴና ውስጥ ክሎሮፊል የሚባል ነገር የለም። በቅጠል ዘንድ ትልቁ አንቴናም ራሱ ክሎሮፊል ስለያዘ ነገሩ ይቀራረባል። የቅጠሉን ሕግ ይዘን ወደ ሳያኖባክቴሪያ ስንሻገር ነው የምንሳሳተው።

ሰማያዊውና አረንጓዴው ደግሞ ከአንድ እናት የሚወለዱ መሆናቸው እኔን በጣም ነው የገረመኝ። ምርቱ የሚጀምረው ግሉታሜት ከሚባለው አሚኖ አሲድ ነው። ከእሱ አሚኖሌቩሊኒክ አሲድ ይሠራል፤ የዚህ ስምንት ሞለኪውል ተገጣጥሞ ፕሮቶፖርፊሪን የሚባል ቀለበት ይሆናል። እዚህ ላይ መንገዱ ሹካ ይሆናል። ቀለበቱ ውስጥ ማግኒዥየም ከገባ ወደ ክሎሮፊል ይሄዳል። ብረት ከገባ ሄም ይሆናል፤ ደማችንን ቀይ የሚያደርገው ያው ሄም ማለት ነው። ሳያኖባክቴሪያው የሄሙን ቀለበት በጥሶ በመዘርጋት የፋይኮቢሊሶሙን ሰማያዊ ቀለም ይሠራበታል። (ስንመታ የበለዘው ቆዳችን ከቀናት በኋላ አረንጓዴ የሚመስለውም ሄም ተበጥሶ ነው፤ የመጀመሪያው እርምጃ አንድ ዓይነት ነው።) እንግዲህ ሴሉ ማግኒዥየም ወይስ ብረት ብሎ በሚመርጥበት በዚያ ሹካ ላይ የሁለቱም አንቴናዎች ዕጣ ይወጣል። ግሉታሜት ናይትሮጅን ያለው መሆኑንም ልብ በሉልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ለምን ታዲያ ሴሉ ብዙ አምርቶ አያከማችም? ክሎሮፊል ተከማችቶ የሚቀመጥ ዕቃ ስላልሆነ ነው። ፕሮቲን ውስጥ በቦታው ያልተቀመጠ ክሎሮፊል ብርሃን ሲያገኘው ጉልበቱን ለኦክስጅን ያስተላልፍና ሲንግሌት ኦክስጅን የሚባለውን ያገኘውን ሁሉ የሚያቃጥል ነገር ይፈጥራል። በተቃራኒውም ክሎሮፊል ያላገኘ የፎቶሲስተም ፕሮቲን በቅጡ አይታጠፍም፤ ሴሉ ቆራርጦ ይጥለዋል። ስለዚህ ጡቡና ግንበኛው እኩል መድረስ አለባቸው። ሴሉ ቆጣቢም ነው። የፎቶሲስተም 2 እምብርት የሆነው ዲ1 የሚባለው ፕሮቲን ብርሃን ሲበረታ ቶሎ ቶሎ ይበላሻል፣ ቶሎ ቶሎም ይቀየራል። ክሎሮፊሉ ግን አይጣልም። የድሮው ቤት ሲፈርስ ቆርቆሮው ተነቅሎ ለአዲሱ ቤት እንደሚሆነው ሁሉ፣ ለአዲሱ ፕሮቲን ይሰጣል።

ምርቱ ሲቋረጥ ምን እንደሚሆን ማየት የፈለገ ከእናቱ ብቅል ይጀምር። ገብሱ ተነክሮ፣ በቅጠል ተሸፍኖ ጨለማ ውስጥ ሲበቅል ቡቃያው ነጣ፣ ቢጫ ብሎ ነው የሚወጣው። አበባ የሚያወጡ ተክሎች ክሎሮፊል ለመሥራት ከመጨረሻዎቹ እርምጃዎች አንዱን የሚፈጽሙት ብርሃን በሚፈልግ ኤንዛይም ብቻ ስለሆነ ነው። ሳያኖባክቴሪያ ግን ሁለት ኤንዛይም አለው፤ አንዱ በብርሃን፣ ሌላው በጨለማም ይሠራል። ለዚህ ጥናት የሚመረጠው ሲነኮሲስቲስ 6803 የሚባለው ዝርያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 በጃፓን ጂኖሙ በሙሉ የተነበበው እሱ ነው፤ ከፎቶሲንተሲስ ሠሪዎችም የመጀመሪያው ነበር። ግሉኮስ ከሰጡትና በቀን ጥቂት ደቂቃ ብርሃን ካሳዩት ጨለማ ውስጥ ያድጋል፣ አረንጓዴነቱንም አይለቅም። እ.ኤ.አ. በ1995 የአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲዎቹ ዉ እና ቬርማስ የጨለማውን ኤንዛይም ከሚሠሩት ጂኖች አንዱን አጠፉበት። ያኔ ጨለማ ውስጥ እንደ ብቅሉ ሆነ፦ ሴሉ እየተከፋፈለ ቢሄድም አዲስ ክሎሮፊል ስለማይመረት የነበረው እየተከፋፈለ ሳሳ። ብርሃን ሲመለስ ምርቱም ተመለሰ። አያችሁ፣ ገረጣ እንጂ አልሞተም። ግሉኮስ እየበላ ይኖር ነበር።

አሁን ወደ ተቃራኒው፣ ክሎሮፊል ሲበዛ ወደሚሆነው እንምጣ። እኔን አሳምኖ ሐሳቤን ያስለወጠኝ ይህ ነው። ሲነኮሲስቲስን ከደካማ ብርሃን አውጥተው ጠንካራ ብርሃን ላይ ሲያስቀምጡት ክሎሮፊሉን ይቀንሳል፤ በተለይ የሚቀንሰው ፎቶሲስተም 1ን ነው። ላይ ላዩን ላየው ሰው ሴሉ በብርሃን ተጎድቶ የገረጣ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ1998 ሂሃራ፣ ሶኖይኬና ኢኬኡቺ የሚባሉ ጃፓናውያን ፒኤምጂኤ የሚባል ጂን የጠፋበት ዝርያ አገኙ። ይህ ዝርያ ጠንካራ ብርሃን ላይም ፎቶሲስተም 1ን መቀነስ አይችልም፤ አረንጓዴ እንደሆነ ይቆያል። በእኔ የያኔ አስተሳሰብ ቢሆን ኖሮ «ጎበዝ! ብርሃኑን ቻለው» ብዬ ማርክ እሰጠው ነበር። እውነትም ለአጭር ጊዜ ከጤናማው ዝርያ የሚያንስ አይደለም። ብርሃኑ ሲቆይበት ግን እድገቱ ክፉኛ ይጎዳል። የገረጣው ይኖራል፣ አረንጓዴው ይጠፋል! በኋላም የሂሃራ ቡድን የቅነሳው ዋና መንገድ የክሎሮፊልን ምርት ከሥሩ፣ ከዚያ ከአሚኖሌቩሊኒክ አሲዱ ላይ መያዝ መሆኑን አሳየ። ማለትም ሴሉ ማሽኑን የሚያስተካክለው ጡብ ማምረቻውን በመክፈትና በመዝጋት ነው።

የብረት እጥረትም የራሱ ታሪክ አለው፤ ባጭሩ ሴሉ ብረት የሚበላውን ፎቶሲስተም 1 ይቀንስና በቀሩት ዙሪያ 18 የክሎሮፊል ፕሮቲኖች ቀለበት ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2001 በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ታይቷል። ያው ክሎሮፊል ሌላ ሥራ ሲይዝ ማለት ነው።

አሁን ወደ እኔ ፍላስክ ልመለስ። ስፒሩሊና ናይትሮጅን ከአየር መያዝ አይችልም፤ የሰጠሁት ናይትሬት ሲያልቅ የነበረው አማራጭ የራሱን ቤት ማፍረስ ነበር። መጀመሪያ የሚፈርሰው ፋይኮቢሊሶሙ ነው፤ ትልቅ የፕሮቲን ክምር ስለሆነ አሚኖ አሲዱ ለሌላ ሥራ ይውላል። ሰማያዊ ድባቡ ቀድሞ የጠፋው ለዚህ ነበር። ክሎሮፊሉ ቀስ ብሎ ይከተላል። የሚቀረው ካሮቲኖይዱ ነው፤ ጠጅ ያስመሰለው እሱ ነው። ክሎሮፊል የሚጀምረው ናይትሮጅን ካለው ግሉታሜት መሆኑን አስታውሱ። ስንቅ ሳይኖር አዲስ ማሽን መገንባት፣ ማሽኑም የሰበሰበውን ጉልበት የሚያውልበት ቦታ ማጣት፣ ለሴሉ ራስን ማቃጠል ነው። ስለዚህ ያፈርሳል፣ ግላይኮጅን ያጠራቅማል፣ ይተኛል።

እ.ኤ.አ. በ2016 በጀርመን የቱቢንገን ዩኒቨርሲቲ ቡድን እንዲህ የተኛ ሲነኮሲስቲስ ላይ ናይትሬት ጨምሮ አነቃቁን በየሰዓቱ ተከታተለ። ደስ የሚለው ቅደም ተከተሉ ነው። ሴሉ ወዲያው ወደ አረንጓዴነት አይሮጥም። መጀመሪያ ያጠራቀመውን ግላይኮጅን እየተነፈሰ ያቃጥላል፤ በዚያ ጉልበት ፕሮቲን መሥሪያውን ይጠግናል። ክሎሮፊልና ፎቶሲስተም የሚመለሱት ከዚያ በኋላ ነው። በ48 ሰዓት አካባቢ ሴሉ ተመልሶ መከፋፈል ይጀምራል። ሁለት ቀን! እኔ ያን ዕለት ከፍላስኮቹ አንዱን ብቻ አስቀርቼ ግማሽ ማንኪያ ናይትሬት ጨምሬ ሁለት ቀን ብጠብቅ ምን ነበረበት? ስፒሩሊና ሲነኮሲስቲስ አይደለም፤ የእኔ ይነቃ ነበር ብዬ አልምልም። ግን አልጠየቅኩትም፤ «ሞቷል» ብዬ የጻፍኩት ሳልጠይቀው ነው።

«ይህ ሁሉ ለላብ ሰው ነው፤ ለእኛ ሀገር ምን ይረባል?» ለሚል ደግሞ ከቢሾፍቱ ማስረጃ አለኝ። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ከአረንጓዴ ሐይቅና ከኪሎሌ ሐይቅ በተሰበሰበ መረጃ ታሊንግ፣ ውድ፣ ፕሮሰርና ባክስተር እ.ኤ.አ. በ1973 አንድ ጽሑፍ አወጡ። ጥያቄያቸው በውሃ ላይ ያለ ፎቶሲንተሲስ ጣሪያው የት ነው የሚል ነበር፤ ለዚህም ከዓለም ሐይቆች መካከል የእኛን መረጡ፤ ውሃው በስፒሩሊና ተሞልቶ የአረንጓዴ ሾርባ ያህል ነበርና። ያገኙት መልስ ስለ ክሎሮፊል ትልቅ ነገር ይናገራል፦ ክሎሮፊሉ ከአንድ ደረጃ ካለፈ በኋላ ሴሎቹ እርስ በርስ ይጋረዳሉ። ብርሃኑ ከአንድ ሜትር በታች በሆነ ጥልቀት ውስጥ ተውጦ ያልቃል፤ ከዚያ በታች ያለው አረንጓዴ ጨለማ ውስጥ ነው። ተጨማሪ ክሎሮፊል ተጨማሪ ምርት መሆኑ እዚያ ላይ ያበቃል። የእኔም ፍላስክ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ጓደኞቼን በጠራሁበት ሰሞን መሃል ላይ ያሉት ሴሎች ብርሃን ይራቡ ነበር ማለት ነው። (ኪሎሌን ለማየት የሚሄድ ግን ያን ሾርባ አያገኘውም፤ እ.ኤ.አ. በ1989 የሞጆ ወንዝ ወደ ሐይቁ እንዲገባ ተደርጎ ሶዳው ሲቀጥን ስፒሩሊናው ጠፍቷል።)

እንግዲህ የምለው ይህን ነው። በሳያኖባክቴሪያ ላይ የሚሠራ ማንኛውም የሲኒየር ፕሮጀክት ክሎሮፊልን ብቻውን የእድገት ወይም የጤና መለኪያ አድርጎ ባይቀርብ እወዳለሁ። አጠገቡ ደረቅ ክብደት ይኑር፤ ማይክሮስኮፕ ላይ ቆጠራ ይኑር። ሦስተኛው ደግሞ ምንም ወጪ የለውም፦ ሴሉን ሳይገድሉ ኩቬት ውስጥ እንዳለ ከ400 እስከ 750 ናኖሜትር ማንበብ። 620 አካባቢ ያለው ጉብታ የሰማያዊው ቀለም ነው፣ 680 አካባቢ ያለው የክሎሮፊል። የቱ ቀድሞ እንደወረደ ማየት ብቻ፣ ካልቸሩ ናይትሮጅን ተራበ ወይስ ሌላ ነገር ሆነ የሚለውን ለመጠርጠር ይበቃል። እኔ ይህን አንድ ጊዜ ብሠራ ኖሮ ሰማያዊው ቀድሞ መሄዱን በቁጥር አየው ነበር። በዓይኔማ አይቼው ነበር፤ ቁጥር ስላልሆነ ናቅኩት።

መምህራኖቻችን ላይ አቤቱታ አለኝ፤ በአክብሮት። የፎቶሲንተሲስ ፕራክቲካል ሁሉ ቅጠል ነው። ቅጠል መፍላት፣ አዮዲን መጨመር፣ በአሴቶን መፍጨት። አንዱን መምህራችንን ስጠይቃቸው «ቅጠል ከግቢ ይቆረጣል፤ ሳያኖባክቴሪያ ደግሞ ዕቃ ይፈልጋል» አሉኝ። የላቡን ችግር ስለማውቅ ነገሩ ከንቱ ሰበብ አይደለም። ግን ስፒሩሊና እኮ ዕቃ አይፈልግም! ባዶ ሃይላንድ፣ ቤኪንግ ሶዳ (ቤኪንግ ፓውደር አይደለም፣ አንድ ጓደኛዬ ተሳስቶ ነበር)፣ ጥቂት ናይትሬትና ሌሎች ጨዎች፣ የመስኮት ብርሃን፣ በቀን ጥቂት ጊዜ መነቅነቅ። ውሃው በጣም አልካሊ ስለሆነ ሌላ ነገር በቀላሉ አይበቅልበትም። ሁለት ሃይላንድ ይበቃል፤ አንዱ ናይትሬት ያለው፣ አንዱ የሌለው። ቅጠል በሦስት ሰዓት ፕራክቲካል ውስጥ የማያሳየንን፣ ማሽኑ ሲፈርስና ሲገነባ፣ በሦስት ሳምንት ውስጥ በዓይናችን ያሳየናል።

ለዚህም እኔ ራሴ ጀምሬያለሁ። ከአንዲት ጓደኛዬ ካልቸር ተለምኜ የመጣ ሃይላንድ የዶርማችን መስኮት ላይ አለ፤ የዶርሜ ልጆች «ያንቺ ጭማቂ» ይሉታል። ናይትሬት ከከለከልኩት ሰነባብቷል። ሰማያዊው ሄዷል፣ አሁን የሎሚ ልጣጭ መስሏል። ሰኞ ጠዋት ናይትሬቱን እጨምራለሁ። ላቡ በዚያ ሳምንት ክፍት ከሆነ፣ ለጋሼም ነግሬያቸዋለሁ፣ እስከ ረቡዕ በየስድስት ሰዓቱ አነባለሁ። ማየት የሚፈልግ ይምጣ፤ የሌሊቱን ንባብ የሚያግዘኝ ሰው ደግሞ በጣም እፈልጋለሁ።